መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ሕፃን

ሕፃኑ ማታ ትንሽ ጉንፋን ብቻ ነበረው። እኩለ ሌሊት ላይ ግን የውሻ ጩኸት በሚመስል ሳል ባነነ። ድምፁ ተዘጋ። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሻካራ ድምፅ ይሰማል። ይህ በሽታ ክሩፕ ይባላል። ትክትክ አይደለም። ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ የአየር ቧንቧውን ያሳብጠዋል። የሕፃን ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ይበልጡን የሚይዘው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉትን ነው።

ጤና ጣቢያ ስንወስደው ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ይሰጠዋል። ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ መውሰዱ ይበቃል። እብጠቱን እስኪቀንስ ግን ሰዓታት ይፈጅበታል።

ታዲያ ሰዓታት አልፈውም ካልተሻለውስ? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለን ወደ እንጥል ቆራጭ እንሮጣለን። እብጠቱ ያለው እኮ ከእንጥሉ በታች ነው! እንጥሉ ቢቆረጥ ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ባልጸዳ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ይችላል። እብጠቱ ግን እንዳለ ነው።

ይልቅስ ልብሱን ገልጠን ደረቱን እንይ። ሳያለቅስ፣ እቅፍ ውስጥ ዝም ብሎ ሳለ ሻካራው ድምፅ ከተሰማ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም መጥባት ካቃተው ንጋትን ሳንጠብቅ ተመልሰን እንውሰደው። ለሃጩን መዋጥ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከፈዘዘ ደግሞ ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ማልቀስ ስላቆመ ተሻለው አንበል፤ ደክሞት ሊሆን ይችላል።

በመንገድ ላይ እናቱ ቀና አድርጋ ትቀፈው። በጀርባው አናስተኛው። ጣታችንን ጉሮሮው ውስጥ አንክተት። ለቅሶ ትንፋሹን ያብስበታልና አናስለቅሰው።

አሁን መጻፍ እንችላለን። የመጀመሪያውን መድኃኒት ስምና የወሰደበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈን፣ ከክትባት ካርዱ ጋር እንያዝ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ካልተከተበ ሕመሙ ዘጊ አናዳ ሊሆን ይችላል። ባቄላ ወይም በቆሎ ይዞ ሲጫወት ከነበረም ሳንደብቅ እንናገር፤ ፍሬው ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ዴክሳሜታዞን አያወጣውም።

ሆስፒታል ሲደርስ አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት በጭስ መልክ እንዲተነፍስ ይደረጋል። ቶሎ ያሽለዋል፤ ኃይሉ ግን በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቅና እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ ሳቀ ብለን፣ ሐኪሙ ሂዱ ሳይለን አንውጣ።