እንግሊዝኛ እንማር፦ በማጽጃ ጠርሙስ ላይ የተደበቁ ፊደላት

 

የዛሬው ትምህርታችን በረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የምናውቃቸውን ጥቂት ፊደላት ፈልጎ ስለማግኘት ነው። ሙሉውን ቃል ማንበብ ባንችልም፣ አራት ወይም አምስት ፊደላት ተከታትለው መቆማቸውን ካየን ቃሉ ስለ ምን እንደሚናገር መገመት እንችላለን። ለልምምድ የመረጥነው በየቀኑ እጃችን የሚነካውን የማጽጃ ጠርሙስ ነው። በዚያ ላይ የተጻፈን አንድ ቃል መለየት ሕይወት ሊያድን ይችላልና።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ፊደላት እንዳይምታቱባችሁ አደራ። «ኤ» የምንለው የመጀመሪያውን ፊደል ነው፤ «ኢ» አምስተኛው ነው፤ «አይ» ደግሞ ዘጠነኛው ነው።

1. በቀላሉ እንጀምር

በረኪና በእንግሊዝኛ «ብሊች» ይባላል። አጻጻፉ ቢ-ኤል-ኢ-ኤ-ሲ-ኤች ነው። ከነዚህ ስድስት ፊደላት ስንት ቃል ይወጣል?

ኤልን ብናወጣ «ቢች» ይሆናል፤ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። ቢንም ብንጨምር የቀረው «ኢች» ነው፤ እያንዳንዱ ማለት ነው። የቀሩትን አራት ፊደላት ቦታ ለውጠን ኤ-ሲ-ኤች-ኢ ብንላቸው «ኤክ» ይሆናል፤ ሕመም ማለት ነው። ይህን አራት ፊደል በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ፈልጉት። «ሄድኤክ» የራስ ምታት፣ «ቱዝኤክ» የጥርስ ሕመም፣ «ስቶማክኤክ» የሆድ ሕመም ነው። ሦስቱም በነዚሁ ፊደላት ያልቃሉ።

ልብ በሉ፤ ሲ እና ኤች ሲጣመሩ አንዳንድ ጊዜ «ች»፣ አንዳንድ ጊዜ «ክ» ተብለው ይነበባሉ። ስለዚህ በድምፁ ሳይሆን በፊደላቱ ፈልጉ።

2. ሦስቱን ፈልጉ

አሁን ጠርሙሱን አዙሩና ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ተመልከቱ። «ኮንቴይንስ» የሚል ቃል ካለ «በውስጡ የያዘው» ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚከተሉትን ፈልጉ።

ሀ. ሲ-ኤች-ኤል-ኦ-አር። ብዙዎቻችን «ክሎሮክስ» በምንለው በረኪና ላይ «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት» የሚል ይገኛል። ሁለተኛው ቃል 12 ፊደላት ስላሉት ያስፈራል። እናንተ ግን ከአምስተኛው ፊደል ጀምሩ፤ አምስቱን ፊደላት በተርታ ታገኟቸዋላችሁ።

ለ. ኤ-ኤም-ኤም-ኦ-ኤን። ኤም ሁለት ጊዜ መደገሙን ተመልከቱ። ይህ «አሞኒያ» ነው፤ በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ ይገኛል።

ሐ. ኤ-ሲ-አይ-ዲ። ይህ «አሲድ» ነው። በብዙ የሽንት ቤት ማጽጃዎችና የውሃ ዝቃጭ ማስለቀቂያዎች ላይ ይጻፋል። አቼቶም አሲድ ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ «ቪኒገር» ብቻ ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል በዚህ ስሙም እወቁት።

3. ለምን ይጠቅመናል?

«ሀ» ከ«ለ» ጋር ወይም «ሀ» ከ«ሐ» ጋር ፈጽሞ አይቀላቀሉም! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሁለቱም ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላሉ፣ ያስላሉ፣ ደረትን ያፍናሉ። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው እስከ መግደል ይደርሳሉ። ሁለት ማጽጃ ቢቀላቀል ይበልጥ ያጸዳል የሚለው አባባል ስሕተት ነው። በረኪና የሚቀላቀለው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብቻ ነው። በአንዱ ያጸዳችሁትን ቦታ በሌላው ከማጽዳታችሁ በፊት በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

ማዳም «ቀላቅዪው» ብትል፣ ጠርሙሶቹን ይዛችሁ ፊደላቱን በጣታችሁ አሳዩአትና «ኸጠር» በሉ፤ በዐረብኛ አደጋ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ዴንጀር» ይባላል፤ ዲ-ኤ-ኤን-ጂ-ኢ-አር ተብሎ ይጻፋል። ዲ ሲወጣ የሚቀረው «አንገር» ነው፤ ቁጣ ማለት ነው። ጠርሙሱ ይህ ቃል ካለበት እየተቆጣችሁ እንደሆነ አስቡ፤ እንዲህ ከያዛችሁት አትረሱትም።

ድንገት ተቀላቅሎ ሽታው ካፈናችሁ ለማጽዳት አትቆዩ። ቶሎ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ፤ ልጆችንም አውጡ። መተንፈስ ካስቸገራችሁ አምቡላንስ ይጠራ፤ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በዮርዳኖስ 911 ነው።

4. አንድ ፊደል የሚለውጠው

አምስቱ ፊደላት የተገኙበት ሁሉ በረኪና አይደለም። «ሶዲየም ክሎራይድ» የምንበላው ጨው ነው። የበረኪናው ቃል በአይ-ቲ-ኢ ሲያልቅ የጨው በአይ-ዲ-ኢ ያልቃል። ልዩነቱ ቲ እና ዲ ብቻ ነው! «ሃይድሮክሎሪክ አሲድ» ደግሞ አምስቱንም ፊደላት፣ አሲድ የሚለውንም ይዟል፤ እርሱ ኃይለኛ አሲድ ነው፣ ከበረኪና ይራቅ። ግራ ከገባችሁ ግን ሕጉ ቀላል ነው፤ በማጽጃ ላይ አምስቱን ፊደላት ካያችሁ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት።

መልመጃ

የሚከተሉት ከሀ፣ ከለ ወይስ ከሐ ወገን ናቸው?
1ኛ. ሲ-አይ-ቲ-አር-አይ-ሲ ኤ-ሲ-አይ-ዲ
2ኛ. ኤ-ኤም-ኤም-ኦ-ኤን-አይ-ዩ-ኤም
3ኛ. ሲ-ኤች-ኤል-ኦ-አር-አይ-ኤን-ኢ

መልስ፦ 1ኛ. ሐ (የሎሚ አሲድ)፣ 2ኛ. ለ፣ 3ኛ. ሀ።

እህቶቻችን፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ስታርፉ በቤቱ ያሉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አንብቡ። በረኪናውን ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፊደል ለማይለዩ ጓደኞቻችሁም ሦስቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ከአገራችሁ የወጣችሁት ሠርታችሁ በጤና ልትመለሱ ነውና እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።