ያለ ኪቦርድ ለምትዘምር ልጄ

ልጄ፣ አንቺና ጓደኞችሽ ሶዶ ላይ በድምፅ ብቻ መዘመር ከጀመራችሁ ወዲህ ቡድኑ በየወሩ ሰው እየጨመረ እንደመጣ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ ትልቅ ኳየር እንሁን የሚሉና እንዲሁ እንቅር የሚሉ ተከራክራችኋል አሉ። ዕድሜዬን በመዘምራን መካከል ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ ከጓደኞችሽ ጋር አንብቡት።

1. መጀመሪያ በዚሁ በወላይታ ዝማሬ እንዴት እንደሰፋ እወቂ። የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን 10,000 ያህል ሕዝብና መቶ የሚሆን አጥቢያ ነው። ሬይመንድ ዴቪስ «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴንስ» በተባለው መጽሐፉ የተረከው ይህንኑ ነው። በመሀሉ እስርና ግርፋት ነበር፤ ከአማኞቹ አንዱ የነበረው ወንዳሮ ዳባሮ እዚሁ ሶዶ የተቀበለውን መከራ አያቶቻችሁ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም።

የእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ማንበብ አያውቁም ነበር። በቋንቋቸው የተጻፈ ነገር ቢኖር ከወንጌል ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ኪቦርድ የለ፣ የመዝሙር ደብተር የለ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የተቀበለው በማግስቱ በመንደሩ አውጪ ይሆናል። አሥሩን ሺህ ሰው አንድ አዳራሽ የሰበሰበው ማንም የለም። የሰማው ሁሉ ወደ ቀዬው እየተመለሰ የራሱን ጀመረ እንጂ። ስለ ቡድናችሁ ማደግ የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

2. በድምፅ ብቻ መዘመርን ከፈረንጅ የተዋሳችሁት አድርገው የሚነግሯችሁን አትፍሩ። በጊፋታ ሰሞን «ሃያ ለኬ» ሲባል አንዱ እየመራ ሕዝቡ ሲቀበል ያደግሽ ልጅ ነሽ። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ የያሬድን ዜማ ሲያደርሱ በቁም ዜማ ይጀምራሉ፤ ያኔ ድምፅ ብቻ ነው። መቋሚያው በዝማሜ ይከተላል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አባቶች ዜማው በጉሮሮ ሳይጸና መሣሪያ አያስነሱም። ይህን ሥርዓት እኔ በጣም አከብረዋለሁ፤ የእኛም ኳየሮች ቢማሩት ኖሮ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር ዝማሬ ባልተቋረጠ ነበር።

3. አዲስ ሰው በመጣበት ቀን መዘመር እንዲችል አድርጉ። አውጪና ተቀባይ ያለው መዝሙር ለዚህ የተሠራ ነው። ተቀባዩ አጭርና የማይለወጥ ይሁን፤ እንግዳው ሁለቴ ሰምቶ ሦስተኛው ላይ ይገባል። አስቸጋሪውን መስመር አውጪው ይሸከም። ብዙ ቡድኖች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ አዲሱን ልጅ ለሁለት ወር ጥግ አስቀምጠው «አዳምጥ» ይሉታል። ልጁም አዳምጦ አዳምጦ ይቀራል። ማውጣቱንም ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት፤ ጥሩ ድምፅ ያላት አንዲት ልጅ ሁልጊዜ ካወጣች ያቺ ልጅ የታመመች ዕለት ቡድኑም ይታመማል።

4. ስለ ቃና መውረድ። ያለ መሣሪያ የሚዘምር ቡድን ብዙ ጊዜ ይወርዳል። በጀመራችሁበት ኖታ አትጨርሱም፤ ግማሽ ቃና፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወርዳችሁ ትገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በቤዞቹ ላይ ይለጠፋል፤ እኔ ግን በሁለት ቦታ ፈልጊ እልሻለሁ። አንዱ ያው ኖታ ሲደጋገም ነው፤ ዘማሪው የቆመ ይመስለዋል እንጂ በየድግግሞሹ ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል። ሌላው ዜማው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ነው፤ ወደ ታች የምንረግጠው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከሚገባው ይሰፋል። ሲወርድ እርምጃውን ጠበብ፣ ሲወጣ ሰፋ እንዲያደርጉ አለማምጃቸው። በስልክሽ ላይ የቃና መለኪያ አፕ ጫኚ፤ መጀመሪያ ላይ ኖታውን ስጪ፣ ስትጨርሱ መልሰሽ ለኪ፣ በመሀሉ ግን አትመልከቺው። ከወረዳችሁ መዝሙሩን በየስንኙ እየቆረጥሽ የወረደበትን ቦታ አግኚ። አንዳንዴም መዝሙሩን በግማሽ ቃና ከፍ አድርጎ መጀመር ብቻውን ያድናል፤ ምክንያቱን በደንብ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም፣ ግን ደጋግሞ ሲሠራ አይቻለሁ።

ትንፋሽንም ተደራደሩ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አይተንፍሱ። በአንድ ድምፅ ቢያንስ ሦስት ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲተነፍስ ሁለቱ መስመሩን ይይዙታል። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ቤዝ ካላችሁ 12 ሰው ሙሉ ቡድን ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ ዘምሩ፤ አያሳፍርም።

5. ሀርመኒ የምትሠሩት ለራሳችሁ ዜማ ይሁን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጥሩ ቡድኖች መልካቸውን ሲያጡ ያየሁት በዚህ ነውና። ዜማዎቻችን በአብዛኛው አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለሽ የምትዘምሪውን መዝሙር አስቢ፤ ፋ እና ቲ የሉበትም። ከፈረንጅ መዝሙር መጽሐፍ የተማራችሁትን አልቶ፣ በሦስተኛ ላይ በሦስተኛ እየደረደራችሁ ከጫናችሁበት፣ እነዚያ የሌሉት ሁለት ድምፆች ሾልከው ይገባሉ። መዝሙሩ ያምራል፣ ግን የሌላ አገር መዝሙር ይሆናል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አልቶውም ቴነሩም ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጡ የየራሳቸውን መንገድ ይሂዱ፤ አራተኛና አምስተኛ ርቀት በብዛት ይመጣል፣ አትሽሹት። አንዱ ድምፅ አንድ ኖታ ይዞ ሲቆም ሌላው በላዩ ይንቀሳቀስ። ተቀባዩ አውጪው ሳይጨርስ ይነሳና ይደራረቡ።

ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልግሽም። ከሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘሽ አርባ ምንጭ ደርሰሽ ወደ ጨንቻ ተራራ ስትወጪ ዶርዜዎች አሉልሽ። ብዙ ሰው ሸማቸውን ያውቃል፤ ድምፃቸውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። በአንድ ዝማሬ ውስጥ የየራሳቸውን መስመር ተከፋፍለው፣ ያለ ጽሑፍና ያለ መሪ ዱላ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይሸምናሉ። በርናር ሎርታ ዣኮብ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጥቶ ቀድቶ፣ ዝማሬያቸው ፓሪስ ላይ በሸክላ ታትሟል። ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥቶ የሰማው ሰው ካለ፣ እናንተ በግማሽ ቀን አውቶቡስ ደርሳችሁ ብትሰሙ ምን ይከፋል? ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳችሁ ተቀመጡ፣ አድምጡ። ዜማቸውን ግን ወስዳችሁ የእናንተ አታድርጉት፤ አደራረጉን ተማሩ።

6. ከልምምድ በፊት ዳጣ አትብሉ። ውሃ ጠጡ፣ ጉንፋን የያዘው አይዘምር፣ ይቀመጥና ይስማ።

7. ሰርግ ሲበዛ ተጠንቀቁ። ጥርና ሚያዝያ ሲደርስ ከቦዲቲም ከአረካም ከገሱባም ይጠሯችኋል። ግማሹን ተቀበሉ፣ ግማሹን በትሕትና መልሱ፤ በየቅዳሜው ሰርግ ላይ የዋለ ቡድን የሚለማመድበት ቀን ያጣና ያንኑ ስድስት መዝሙር ዓመቱን ሙሉ ይደጋግማል። የሚሰጣችሁ ገንዘብ ካለ የያዘችው ልጅና የመዘገበችው ልጅ አንድ ሰው አይሁኑ፤ በየወሩ በሁሉ ፊት ይነበብ። ለቅሶ ግን ከጠሩሽ ቀጠሮ አለኝ አትበይ፣ ሂዱ። ሐዘን ቤት ማይክራፎንም ኪቦርድም አይገባም፤ ለዚያ ቤት የሚሆን ዝማሬ ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

8. በስልክ ተቀርጻችሁ ሰው ሁሉ ባያጋራው አትዘኑ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጆሴፍ ሻባላላ ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመሠርት፣ የሚዘምሩት በድምፅ ብቻ፣ ከቤታቸው ርቀው በሆስቴል የሚኖሩ የዙሉ ሠራተኞች ባሳደጉት ዘዴ ነበር። በአገራቸው ስም አወጡ፤ የቀረው ዓለም ያወቃቸው ግን ከፖል ሳይመን ጋር «ግሬስላንድ» ላይ በዘመሩበት በ1986 ነው። በመሀሉ 26 ዓመት አለ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው የሚሰማውን ብቻ ቢያሳድዱ ኖሮ በዚያ አልበም ላይ የሚዘምሩት ነገር አይኖራቸውም ነበር። እናንተ ቅጂውን ለራሳችሁ ጆሮ አውሉት፤ ሐሙስ የቀረጻችሁትን ቅዳሜ አብራችሁ ስሙ፣ የማን ድምፅ ከሌላው በላይ እንደወጣ ያን ጊዜ ማንም ሳይናገር ይታወቃል።

9. አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። በአንድ ድምፅ ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን፣ ማለትም ቡድኑ ከ20 ሲያልፍ፣ አትስፉ፤ ተከፈሉ። ከ20 በኋላ ዘማሪው ጎኑ ያለውን እንጂ ማዶ ያለውን አይሰማም፤ ያኔ ዱላ የያዘ መሪ ያስፈልጋል፣ ቀጥሎ ማይክራፎን፣ ቀጥሎ ኪቦርዱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ኳየር እንዲህ ሆኖ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ክፉ አልሆኑም፣ ግን እናንተ የጀመራችሁት ነገር አይደለም።

መከፈል መጣላት እንዳይመስልባችሁ ቀድማችሁ በደስታ አውጁት። ደካማዎቹን ሰብስባችሁ አትላኩ፤ ከየድምፁ አንድ ጠንካራ ሰው አውጥታችሁ፣ አራት ሆነው ይሂዱ። ከመካከላችሁ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ተመርቀው ሲሄዱ ቡድኑ ጎደለ ብላችሁ አታልቅሱ። ሆሳዕና፣ ሳውላ፣ ዱራሜ ሲመለሱ አሥር መዝሙር በቃላቸው ይዘው ይሂዱ፣ ማውጣትም ችለው ይሂዱ። ለዚህ ነው በሦስተኛው ቁጥር ላይ ማውጣቱን አዙሩት ያልኩሽ።

ቦዲቲ ሰባት ልጆች በየእሑዱ ከሰዓት እየተሰበሰቡ እንደሚሞክሩና ቤዝ የሚይዝላቸው እንዳጡ ነግረውኛል። ጊፋታ እንዳለፈ አራታችሁን ላኩላቸው። የአውቶቡሱን ቲኬት እኔ እችላለሁ፤ ማን ማን እንደሚሄድ እስከ ቅዳሜ ወስናችሁ አሳውቂኝ።