ሕፃን ተኝቶ ትንፋሹ ቆም ሲል፦ መቼ ነው የሚያሰጋው?

«ልጄ ሲተኛ ትንፋሹ ቆም ይልና ተመልሶ ይቀጥላል፤ እንጥሉን ላስቆርጠው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከመቲ ደርሶኛል። ብዙዎቻችሁን ስለሚጠቅም እዚሁ ልመልስ።

በቅድሚያ፦ እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ።

በእንቅልፍ ሰዓት ትንፋሽ የሚቋረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የአየር መተላለፊያው ሲጠብ ነው፤ ለምሳሌ ቶንሲል ሲያብጥ። ልጁ ያንኮራፋል፣ ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል። ሁለተኛው ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ ለአፍታ ሳይልክ ሲቀር ነው። ያኔ ደረትና ሆድ ዝም ይላሉ። እንጥል መቁረጥ ይህን አይፈታውም፤ ትርፉ መድማትና ኢንፌክሽን ነው።

✅ ብዙ ጊዜ የማያሰጋው
ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆም ብሎ ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለ ቢተነፍስ፣ መልኩም ካልተለወጠ፣ የአንጎሉ የትንፋሽ ማዕከል ገና ስላልጠነከረ ነው። ሲያድግ ይተወዋል።

⚠️ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም
• ትንፋሹ 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆመ
• ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከገረጣ ወይም ሰውነቱ ከዛለ
• ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ
• ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ ወይም ጡት እምቢ ማለት ካለ። ጋምቤላ ወባማ ስለሆነ ትኩሳት ያለውን ልጅ ሳታስመረምሩ አትደሩ።

👉 ትንፋሹ ሲቆም ምን ላድርግ?
ውስጥ እግሩን ወይም ጀርባውን አሸት አሸት አድርጉት፤ በኃይል አትነቅንቁት። ካልተመለሰ አፉንና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ በቀስታ እፍ በሉለት፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ።

ሁኔታው የሚመላለስና ልጁ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ደረቱንና ሆዱን ገልጣችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ሐኪሙ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት በጣም ይረዳዋል።

❌ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ
ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ትንፋሻቸው ሲቋረጥ ሆስፒታል ውስጥ ካፌይን ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ታዲያ «መቲ የቡና አገር ነው» ብላችሁ ለሕፃን ቡና ጠብ እንዳታደርጉ! መድኃኒቱ በክብደቱ ተሰልቶ፣ የልብ ምቱ እየታየ ነው የሚሰጠው።

ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ አንጎል ለትንፋሽ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያዳክማል።

ትንሽ ልጅ ላላቸው ሁሉ ሼር አድርጉላቸው። ጤናችሁ ይብዛ!