የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በማን ገንዘብ ይሠራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ነው። ልጄ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ አሁን በከተማችን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይታከማል። ሆስፒታሉ በማን ገንዘብ ተሠራ? ለምንስ ያን ያህል ወጪ ጠየቀ?

መልስ፦ ገንዘቡ ከፌዴራል በጀት፣ ማለትም ከግብር ከፋዩ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ግንባታ ከኮንግረስ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ ፕሮጀክቱን የሚፈቅድ ሕግና ገንዘቡን የሚመድብ የበጀት ሕግ። ፈቃድ ኖሮ በጀት ከሌለ ሥራው አይራመድም።

የአውሮራው ሆስፒታል በ600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ በመጨረሻ ወደ 1.7 ቢሊዮን ደረሰ። አንዱ ዋና ምክንያት ንድፉ ከተያዘለት ገንዘብ በላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የውል ክርክሮችን የሚያየው የፌዴራል ቦርድ፣ ግንባታውን ይመራ የነበረው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚሁ የተነሳ ውሉን አፍርሷል ሲል ለሥራ ተቋራጮቹ ፈረደ። ከዚያም ግንባታውን የጦር ሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል ተረከበ፤ ሆስፒታሉም በ2018 ተከፈተ። ኮንግረስ ከዚህ ተምሮ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጁ የመሥሪያ ቤቱን ግንባታዎች ሌላ የፌዴራል ተቋም እንዲመራ ደነገገ።

ልጅዎ ያገለገለው አገር ይህን ሕክምና ሊሰጠው ይገባል። ግብር ከፋይ ነዎትና ስለ በጀቱ አጠቃቀም የምክር ቤት ተወካይዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።