ወደ ኩላሊት የሚሄዱ ነርቮች

በጅቡቲ ከተማ ቀትር ሲቃረብ የጫት ገበያው ይደምቃል፤ ከኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ደጋዎች በየዕለቱ የሚላከው ጫት የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ገደማ ነውና። ከቀትር በኋላም ብዙዎች ተሰብስበው ይቅማሉ። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ይህም ለፈቃዳችን የማይታዘዙትን ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል።

ከእነዚህ ነርቮች ከፊሎቹ የኩላሊትን የደም ቧንቧ ዙሪያውን ተከትለው ወደ ኩላሊት ይዘልቃሉ። ከመጠን በላይ ሲነቃቁ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፤ ሬኒን የተባለውንም ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። በዚህ የተነሣ የደም ቧንቧዎች ይጠብባሉ፤ ግፊቱም ይጨምራል።

አንዳንድ ሕመምተኞች፣ አንዱ ሽንት የሚያሸና የሆነ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በሚገባ እየወሰዱም ግፊታቸው አይወርድም። ለእነዚህ ሰዎች ሐኪሞች አዲስ ዘዴ ፈለጉ። ይኸውም ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ በብሽሽት በኩል ወደ ደም ቧንቧ አስገብተው፣ በራጅ እየተመለከቱ እስከ ኩላሊት ቧንቧ ያደርሱታል። ከዚያም በሬድዮ ሞገድ ወይም በረቂቅ የድምፅ ሞገድ ሙቀት ነርቮቹን ያደክማሉ። ሥራው ሲያበቃ ቱቦው ይወጣል፤ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ዘዴው ያለ ፈተና አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ 535 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት ውጤት ታወቀ። ከሕመምተኞቹ ከፊሎቹ ሕክምናው የተደረገላቸው መስሏቸው ነበር እንጂ ነርቮቻቸው አልተነኩም። ሆኖም የሁለቱም ወገኖች ግፊት በተቀራራቢ መጠን ወረደ። ተመራማሪዎች ተስፋ ሳይቆርጡ መሣሪያውንና አሠራሩን አሻሻሉ፤ በኋለኞቹ ጥናቶች መጠነኛ ቢሆንም እውነተኛ ለውጥ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓይነት መሣሪያዎችን ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ዘዴው የመድኃኒት አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ቱቦውን ከማንሣቱ በፊት፣ «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉን? ጨው ያበዛሉን? ጫት ይቅማሉን?» ብሎ ይጠይቃል። ጠዋት በመድኃኒት የተረጋጋውን ነርቭ ከቀትር በኋላ በጫት መቀስቀስ፣ እሳት እያጠፉ ጭድ መጨመር ነውና።

ጥያቄዎች
1. ካቲኖን የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው እንዴት ነው?
2. በ2014ቱ ጥናት የአንዳንዶቹ ሕመምተኞች ነርቮች ያልተነኩት ለምን ይመስላችኋል?
3. «እሳት እያጠፉ ጭድ መጨመር» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።