ቄጠማው ከየት ይመጣል? የአጥቢያ ኩሬን ስለ መጠበቅ

በቀዳም ስዑር ካህናት አባቶች ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ። ርግብ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ በለመለመ ቅጠል እንዳበሠረችው ሁሉ፣ ቄጠማው የክርስቶስን ትንሣኤ ያበሥራል። ምሥጢሩን አባቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና አላስረዝመውም። የዚህ ትምህርት ጥያቄ ዝቅ ያለ ነው፦ ቄጠማው ከየት ይታጨዳል? በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በብዙ አጥቢያዎች መልሱ ከመንደሩ ኩሬና ከዙሪያው ረግረግ የሚል ነው።

በአንድ የገጠር አጥቢያ ግን የበዓሉ ቄጠማ ከገበያ ሲገዛ አይቻለሁ። ኩሬው አለ፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ይደርቃል። ዳሩን ባሕር ዛፍ ከቦታል። ባሕር ዛፍ ሥሩን አርቆ እየሰደደ በበጋም ውኃ ይስባል፤ ከሥሩም ሣር እምብዛም አይበቅልም። ዛፉን መኰነኔ አይደለም፤ ቤታችንም አጥራችንም በእርሱ የተሠራ ነው። ቦታው ግን የኩሬ ዳር አይደለም። የዛፎቹ ባለቤት ችግረኛ ከሆነ ደግሞ «ቁረጥ» ብሎ ማዘዝ ፍትሕ አይሆንም። ሰበካ ጉባኤው ምትክ የመትከያ ቦታ ሊፈልግለት፣ ነባሮቹም ለሽያጭ እስኪደርሱ ሊታገሠው ይገባል። ከውኃው ራቅ ባለው ተዳፋት ላይ እንደ ብሳና ያሉ አገር በቀል ዛፎች ቢተከሉ አፈሩን ይይዛሉ።

ዘፍጥረት በምዕራፍ አንድ እንደሚነግረን እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከውኃ ያስገኛቸውን ፍጥረታት ባርኳቸዋል። ከእነዚህ አንዱ በደጋችን የሚኖረው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም በተፈጥሮ አይገኝም። ጎጆውን የሚሠራው በመሬት ላይ፣ በውኃ ዳር ሣር ውስጥ ነው፤ ሣሩ እስከ ውኃው ጠርዝ ከታጨደ ወይም መንጋ ከረገጠው ጫጩት አይኖርም። ስለዚህ ቄጠማ ሲታጨድ ከፊሉን መተው ያሻል። እንቁራሪትም እንደ ርኩስ ነገር በድንጋይ ትባረራለች፤ እርሷ ግን የምትለቅመው ትንኝና ሌላ ተባይ ነው።

ደለል ስለ ማውጣት የራሴን ስሕተት ልናገር። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ወጣቶችን አስተባብሬ አንድ ኩሬ በአንድ ሳምንት ሙሉ በሙሉ አስጠረግሁ፤ የዳሩንም ተክል ከነሥሩ አስነቀልሁ። ሁሉም አመሰገነኝ። ክረምቱ በመጣ ጊዜ ግን ከላይ ካለው እርሻ የወረደውን አፈር የሚያጣራ ሣር አልነበረም፤ ደለሉ በሁለት ክረምት ተመለሰ፣ ወፎቹም አልተመለሱም። አሁን የምመክረው በዚህ ዓመት ግማሹን፣ በሚቀጥለው ዓመት ግማሹን እንዲጠርጉ ነው፤ ጊዜውም ከጥምቀት በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። የወጣው ደለል ወደ እርሻ ይመለስ። ከኩሬው በላይ ባለው ማሳ እርከን ካልተሠራ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ከብት በየአቅጣጫው እንዳይገባ ኩሬው ይታጠር፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ውኃው በቦይ ወርዶ ከአጥሩ ውጭ ባለ ገንዳ ይጠጣ። ሜዳ ከሆነ በድንጋይ የተነጠፈ አንድ መግቢያ ብቻ ይተው። የፀረ አረም መርጫ በኩሬው ውስጥ ማጠብ ፈጽሞ መከልከል አለበት።

ብዙ ኮሚቴዎች የሚሰናከሉት በግንቦት ነው። ውኃው ሲያንስ ባለ ብዙ ከብቱ አጥሩን ይከፍታል፤ ኮሚቴውም ዘመዱ ስለሆነ ዝም ይላል። ተራው በጥቅምት፣ ኩሬው ሙሉ ሳለ፣ በጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በዚያ ጉባኤ እንስራ ተሸክመው የሚቀዱት እናቶችና እኅቶች ይቀመጡ፤ ውኃው በየትኛው ሳምንት እንደሚጎድል፣ አጥሩንም ማን እንደሚከፍት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።