የስፖርት አውቶሞቢልን ከፋብሪካው ደጅ ተረክቦ አገር ስለ መጎብኘት

አንድ ገዢ ዕቃውን ከሱቅ ሳይሆን ከተሠራበት ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ሲረከብ፥ ዋጋውም ግብሩም ኃላፊነቱም መልካቸውን ይለውጣሉ። ይህ ነገር እንደ አውቶሞቢል ንግድ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አውቶሞቢል ሸጦ የማያውቅ አስመጪ ወይም ላኪ እንኳ ጉዳዩን ቢመረምረው ይጠቀማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ልማዱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አሜሪካውያን ጎብኚዎች ዶላር ይዘው ወደ አውሮፓ ይሻገሩ ነበር፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም ዶላር አጥብቀው ይሹ ነበር። የፖርሽ ኩባንያ በ1948 ዓ.ም. ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ቤት፥ 356 የተባለውን አውቶሞቢል መሥራት ጀመረ፤ በ1950 ዓ.ም. ሥራውን ሽቱትጋርት ውስጥ ወዳለው ወደ ዙፈንሃውዘን አዛወረ። በ1963 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ትርኢት ለሕዝብ የታየው የ911 ዘር እስከ ዛሬ የሚሠራው እዚያው ነው። ገዢው ቁልፉን ከፋብሪካው ተቀብሎ፥ የዕረፍት ጊዜውን በገዛ አውቶሞቢሉ ሲዘዋወር ሰንብቶ፥ በመጨረሻ በመርከብ ወደ አገሩ ይልከዋል። ለኪራይ አውቶሞቢል የሚያወጣው ገንዘብ ይቀርለታል፤ ፋብሪካውም ለዘመን የማይረሳውን ደንበኛ ያገኛል። ዳሩ ግን በሁሉም ዘንድ የዘለቀ ልማድ አይደለም፤ ቢ.ኤም.ደብልዩ ለአሜሪካ ደንበኞቹ ያቆየውን ይህን አገልግሎት በ2020 ዓ.ም. ዘግቶታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ነጋዴን የሚመለከተው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። ከግብር በፊት ዋጋው 100,000 ዩሮ የሆነ አውቶሞቢል ተገዛ እንበል። በጀርመን የተጨማሪ እሴት ግብር ከመቶ 19 ስለ ሆነ፥ እዚያው ለሚገለገልበት ሰው ዋጋው 119,000 ዩሮ ይሆናል። ዕቃው ከአውሮፓ ኅብረት ክልል በእርግጥ ከወጣ ግን 19,000 ዩሮው አይከፈልም። ሻጩ ይህን በገዢው ቃል ብቻ አያምንም፤ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በመያዣነት ተቀብሎ፥ የጉምሩክ የመውጫ ማረጋገጫ ሲደርሰው ይመልሳል። ገዢው በጉዞው መካከል ሐሳቡን ለውጦ አውቶሞቢሉን ሚላኖ ላለ ወዳጁ ቢሸጥ መያዣው ቀረ ማለት ነው። ደግሞም የሚታየው የገዢው መኖሪያ እንጂ ዜግነቱ አይደለም፤ ፍራንክፈርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ በፓስፖርቱ ብቻ ይህን መብት አያገኝም።

ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ኢንኮተርምስ የተባለውን የንግድ ቃላት ደንብ መጀመሪያ ያወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው። በዚህ ደንብ ኤክስ ወርክስ፥ ማለት የፋብሪካ ደጅ ዋጋ፥ በሻጩ ላይ ከሁሉ ያነሰውን ግዴታ ይጥላል፤ ጭነቱም፥ የመውጫ ፈቃዱም፥ አደጋውም የገዢው ነው። አስመጪዎቻችን ከቀረቡላቸው ዋጋዎች ዝቅተኛውን አይተው ሲደሰቱ ይህን ይዘነጋሉ። በ1,000 ዩሮ የረከሰ ዋጋ፥ በማያውቁት አገር የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ፊት ወረፋ ያስይዛል። የመውጫውን ሥርዓት በራሱ መፈጸም ለማይችል ገዢ፥ ሻጩ ያን ፈጽሞ ዕቃውን ለአጓዡ የሚያስረክብበት ፍሪ ካሪየር የተባለው ውል ይሻላል፤ ራሱ ምክር ቤቱም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ወደ መንገደኛችን እንመለስ። ለወጪ አውቶሞቢል በጀርመን የሚሰጠው ታርጋ በጠርዙ ቀይ መስመር ያለበት ሲሆን የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ያ ቀን ካለፈ ኢንሹራንሱም አብሮ ያልፋል። ድንበር የሚያሻግረው የኢንሹራንስ ማስረጃ አረንጓዴ ካርድ ነው፤ ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ በነጭ ወረቀትም ይታተማል።

ስለ አነዳዱም ጥቂት እንበል። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ድረስ አይጨነቅም፤ ፖርሽ ለመጀመሪያዎቹ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሞተሩን በከፍተኛ ዙር እንዳያሠሩት ይመክራል። አዲስ ጎማና አዲስ ፍሬንም ሙሉ ኃይላቸውን ወዲያው አይሰጡም። እንግዲህ የፍጥነት ወሰን በሌለበት አውራ ጎዳና ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን መክነፍ የሚያምረው ሰው የገዛ ንብረቱን ይጎዳል። ይልቁንስ ፍጥነቱ የሚለዋወጥበት የተራራ መንገድ ይስማማዋል። በ1820 እና በ1825 ዓ.ም. መካከል የተሠራው የጣልያኑ ስቴልቪዮ መንገድ 2,757 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ከትራፎይ በኩል ብቻ 48 ጠምዛዛ መታጠፊያዎች አሉት። ክረምት በበረዶ ስለሚዘጋ የርክክቡ ቀን በበጋቸው ወራት እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ይገባል። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኦስትሪያው ግሮስግሎክነር መንገድም እንዲሁ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያስከፍላል።

ስዊስ ለዓይን ቅርብ ብትሆንም ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ውጭ ናት። ግብር ያልተከፈለበትን አውቶሞቢል ይዞ ኬላዋን ከመሻገር በፊት ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ አንድ ያለ ቦታው የተመታ ማኅተም የመውጫ ሰነዱን ሊያዛባው ይችላል።

ጉብኝቱ ሲፈጸም አውቶሞቢሉ ብሬመርሃፈንን ወደ መሰለ ወደብ ይወሰዳል። በዚያ የመንገዱ ኢንሹራንስ አይሠራም፤ የባሕር ኢንሹራንስ ለብቻው ይገባል። ቤንዚኑ በገንዳው ውስጥ ጥቂት ብቻ እንዲሆን፥ የግል ዕቃም ከውስጡ እንዲወጣ የመርከብ ድርጅቶች ይጠይቃሉ። ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን ጭረት ፎቶግራፍ አንስቶ ማስፈረም ያስፈልጋል፤ 3,000 ኪሎ ሜትር የተነዳ አውቶሞቢል አዲስ ነው ተብሎ አይከራከሩበትምና።

ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚያስብ ቢኖር፥ መንግሥታችን በ2024 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታውስ። ከዙፈንሃውዘን ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው ታይካን ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ሆነ ይህ ክልከላ አይነካውም።

መርከቡ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ሥራ የመውጫ ማረጋገጫውን ለሻጩ መላክና ደረሰኝ መጠየቅ ነው። 19,000 ዩሮው ወደ ገዢው ባንክ እስኪመለስ ድረስ የሒሳብ መዝገቡ አይዘጋም።